ስምንት ቀን የቆየው ባነር

የምነግራችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። «እናቴ ትሙት» ብዬ ልምል ነበር፤ ግን እናቴ ማንበብ ትችላለች። ስለዚህ ሰባተኛ ክፍል ሁለት ዓመት ባስቀመጠኝ የሂሳብ ፈተና ምዬ እነግራችኋለሁ፤ አንዲት ነገር አልጨመርኩም፣ አንዲት ነገር አልቀነስኩም። የሚጠራጠር ካለ እዚህ ላይ አቁሞ ወደ ጥናቱ ይመለስ።

ያን ሰኞ ጠዋት ኮማ እየሮጠች ነበር። በአንድ እጇ ደብተር፣ በሌላው እስክሪብቶ ይዛ፣ በአፏ ቀመር እያነበነበች። ፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፤ እሷ ከቤት ስትወጣ ሁለት ሰዓት ሞልቶ ነበር። ኮማ እውነተኛ ስሟ አይደለም። የአማርኛ መምህሯ ናቸው ያወጡላት፤ ድርሰት ስታነብ በየሦስት ቃሉ ቆም ብላ አየር ስለምትስብ።

ዳቦ ቤቱ ጥግ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ ከፊቷ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ አውቶቡስ ተራ በየት በኩል ነው?»

ታውቃቸዋለች። የልብ ጓደኛዋ የሬዲዮ አያት ናቸው። ሬዲዮም ስሟ አይደለም፤ ጠዋት አንዴ ከተከፈተች እስክትተኛ ድረስ ስለማትዘጋ ነው። አያትየው አርባ ዓመት ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የኮማን የእጅ ሰዓት እንኳ ሦስት ጊዜ ፈትተው ሠርተውላታል። ሲያገኟት ሁልጊዜ «ነይ እስቲ የኔ ኮማ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ይሏታል። ዛሬ ግን «አንቺ ልጅ» አሏት። እግራቸውን አየች። ግራው ላይ ቡናማ የቆዳ ጫማ፣ ቀኙ ላይ የሴት ሮዝ ፕላስቲክ ነጠላ ጫማ።

ኮማ ይህን ሁሉ አየች። ማየቷን ያዙልኝ። አይታ ሳቀች፤ ሳቀችና በእስክሪብቶዋ አመለከተች።

«ቀጥ ብለው ይሂዱ አባባ፣ ከዚያ ወደ ግራ!»

«ተባረኪ!» አሏት ከኋላዋ። እሷ ግን መንገዱን ተሻግራ ነበር። ሁለተኛውን ጥያቄ ስትሠራ ሮዟ ጫማ ትዝ አለቻት። አራተኛው ላይ ስትደርስ ረሳቻት።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የእነ ኮማ በር ተንኳኳ። ሬዲዮ ናት። ከተወለደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ጠፍቶባታል።

«አባባ የሉም። ጠዋት እንደወጡ አልተመለሱም። አንቺ አላየሻቸውም?»

መልሱ የኮማ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። እንደ ልማዷ አየር ልትስብ ቆም አለች። በዚያች ቆምታ መሃል ሬዲዮ ቀጠለች፦

«በናትሽ፣ እንደዚያ ግራ ገብቷቸው ያያቸው ሰው እንዴት ዝም ብሎ ያሳልፋቸዋል? መርሳት እንደጀመሩ አገር ያውቃል እኮ! ያን ሰው ባገኘው በጥርሴ ነው የምዘለዝለው!»

«አላየሁም» አለች ኮማ።

አንድ ቃል ናት፤ ለመናገር ግማሽ ትንፋሽ አትፈጅም። ግን ጫማ ሥር እንደተለጠፈ ማስቲካ ሆነች። ኮማ ባነሳችው እርምጃ ሁሉ አብራ ትነሳለች።

ቤተሰቡ ፍለጋ ወጣ። የአባባ የድሮ ሱቅ ገበያ ውስጥ ስለነበር ሁሉም ወደ ገበያ ሄደ። እዚያ ሲታጡ ወደ ወንዙ። የሬዲዮ እናት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የወንዙን ዳር ይዛ ትወርዳለች፤ ምን እንደምትፈልግ የሚጠይቃት የለም፤ እሷም አትናገርም። የሬዲዮ አጎት አንድ ጊዜ አውቶቡስ ተራ ሄዶ ዘበኛውን ጠይቆ ነበር። ዘበኛው «በቀን ስንት ሽማግሌ ያልፋል፤ በስንት ሰዓት ነው የምትለኝ?» አለው። አጎትየው ሰዓቱን አያውቅም። ሰዓቱን የምታውቅ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።

አሁን የኮማን አባት ላስተዋውቃችሁ። ደንብ አስከባሪ ነው። ሥራው የከተማውን ባነርና ጊዜያዊ ማስታወቂያ መቆጣጠር ነው። ፈቃድ የሌለውን ያወርዳል፣ የመብራት ምሰሶ ላይ የታሰረውን ይቆርጣል፣ ቀኑ ያለፈበትን ጠቅልሎ መኪና ላይ ይጭናል። አንድ መሰላል፣ አንድ ትልቅ መቀስ፣ አንድ ደንብ አለው። «ጊዜያዊ ማለት ሰባት ቀን ነው» ይላል። ከዚህ የተነሳ ሕፃን አዋቂው «ሰባት ቀን» ብሎ ይጠራዋል። የገዛ እህቱ ስታገባ የሰርጉ ባነር ከመኪና ማቆሚያው በላይ ተሰቅሎ ነበር። ሰባተኛው ቀን ያለቀው ሙሽሮቹ ከሥሩ ሊያልፉ ሲሉ ነው። እሱም መሰላሉ ላይ ሆኖ ገመዱን ቀጭ! ባነሩ ሙሽራው ጭንቅላት ላይ አረፈ። ፎቶው አለ፤ ሙሽራው ከወገቡ በላይ አይታይም።

ሰው ይስቅበታል። የማይስቀው የኮማ አጎት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የተረሳ ባነር ስምንት ወር መንገድ ላይ ተሰቅሎ ቆየ። ፀሐይ ገመዱን አበላሸው። ተበጥሶ ሲወርድ አጎቷ በሞተር ብስክሌት እያለፈ ነበር፤ ገመዱ አንገቱን ያዘው። ተረፈ፤ ግን እስከ ዛሬ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። አባቷ በዚያው ዓመት ነው የደንብ ማስከበር ሥራ የገባው።

ማክሰኞ ማታ የሬዲዮ ቤተሰብ ባነር አሠርቶ ዋናው መንገድ ላይ ከመብራት ምሰሶ ጋር አሰረ። «አባታችን ጠፍተዋል። ያያችሁ ደውሉልን» ይላል፤ የአባባ ፎቶና ስልክ ቁጥር አለበት። ረቡዕ ጠዋት ምሰሶው ባዶውን ነበር።

ሬዲዮ ኮማን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት።

«አባትሽ የአያቴን ፊት እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ መኪና ላይ ወረወረው!»

«ምሰሶ ላይ አይፈቀድም እኮ። ማኅተም...»

«ማኅተም? አባባ ውጭ ብርድ ላይ ናቸው፣ አንቺ ማኅተም ትይኛለሽ? ኧረ አይመችሽ አቦ!» አለቻትና አለቀሰች። ኮማ ትከሻዋን ያዘች። ሬዲዮ እጇን አላራቀችም፤ ይህ ነው ይበልጥ ያመማት።

«ነይ» አለች ኮማ። «ፈቃድ እናወጣለን።»

በምሳ ሰዓት ማዘጋጃ ቤት ሄደው መስኮት አራት ፊት ለፊት ተሰለፉ። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ጸሐፊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቅጹን አነበበች።

«ስልክ ቁጥር አለበት።»

«አዎ፣ ያየ ሰው እንዲደውል» አለች ሬዲዮ።

«ስልክ ቁጥር ያለበት ባነር የንግድ ማስታወቂያ ነው። የንግድ ፈቃድ አያይዙ።»

«አያቴ ናቸው እኮ የጠፉት! ሱቅ አይደሉም!»

«እኔ ሱቅ ናቸው አልኩ? መመሪያው ነው ያለው። ከሌለ ወደ ልዩ ጉዳይ ይመራና በአሥራ አምስት የሥራ ቀን መልስ ታገኛላችሁ።»

«በአሥራ አምስት ቀን!» ሬዲዮ መስታወቱን በግንባሯ ነካችው።

ጸሐፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። የአባባን ፎቶ አየች። ቆየት ብላ አየች። አባባ በፎቶው ላይ ከረባት አስረው ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ፤ የተነሡት የልጃቸው ምርቃት ቀን ነው።

«መቼም» አለች ድምጿን ቀንሳ፣ «የደስታ መግለጫ ቢሆን ኖሮ አሁኑኑ እጨርስላችሁ ነበር። ስልክ የለበትም፣ ፈቃድ አይጠይቅም። መዝግቤ የቀን ወረቀት እለጥፍበታለሁ፣ ከተማው ባቆመው የብረት ፍሬም ላይ ሰባት ቀን ይሰቀላል። ግን እናንተ ደስታ የላችሁም።»

ሁለቱ ልጆች ተያዩ።

«አለን» አለች ኮማ።

«ምንድነው?»

«አባባን... እንኳን ደስ አለዎት ልንላቸው ነው።»

«ስለ ምን ብዬ ልመዝግብ?»

ኮማ አየር ሳበች። «ስለ ጤንነታቸው።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። ቀና ብላ አላየቻቸውም። «ቀጣይ!» ስትል ግን ድምጿ ሰልሎ ነበር።

የመጀመሪያውን ባነር የሠራችው የማተሚያ ቤት ባለቤት ፋይሉን አልሰረዘችውም። ፎቶው እንዳለ ሆኖ ጽሑፉን ብቻ ቀየረችው። በትልቁ «አባባ ሰዓት ሠሪው፣ እንኳን ደስ አለዎት!» ከሥሩ አነስ ባለ ፊደል «ቤተሰብዎ በጉጉት ይጠብቅዎታል» የሚል ተጻፈ።

ፍሬም ያላቸው አደባባዮች ሁለት ናቸው፤ ገበያውና አውቶቡስ ተራው።

«ገበያ ነዋ!» አለች ሬዲዮ።

«አውቶቡስ ተራ ይሻላል።»

«ለምን? እዚያ ተጠይቋል፤ አላየንም ብለዋል።»

«ሰው ይበዛል። ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ አለ።»

«አንቺ ደግሞ ድርቅ ስትይ!»

«በናትሽ እሺ በይኝ። አንዴ ብቻ።»

ሬዲዮ አፍጥጣ አየቻት። ኮማ ፊቷን ወደ ማተሚያው መለሰች። ሐሙስ ጠዋት የሬዲዮ አጎት ባነሩን አውቶቡስ ተራው አደባባይ ላይ ሰቀለው። ጥጉ ላይ አረንጓዴ የቀን ወረቀት ተለጥፎበታል። አንደኛ ቀን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ ቀጣፊ ትሉኛላችሁ፤ ግን ይኸው። ከተማው ውስጥ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ሁሉ እንኳን ደስ አለዎት ይባል ጀመር። የባንኩን ዘበኛ በአንድ ቀን ሠላሳ ሰው ጨበጣቸው። መጀመሪያ «እኔ አይደለሁም» ይሉ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን «አመሰግናለሁ፣ በትጋት ነው» ማለት ጀመሩ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጭራሽ አጭር ንግግር አዘጋጅተው በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር። ሬዲዮ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነ። ከተጨበጡት ሽማግሌዎች አንዱም አባባ አልነበሩም።

ቅዳሜ ራት ላይ አባቷ እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ኮማን አያት።

«አውቶቡስ ተራ አንድ ባነር አየሁ።»

«እ።»

«ያንን ፊት ረቡዕ ዕለት በእጄ ጠቅልዬዋለሁ። ሽማግሌው ተገኙ እንዴ?»

«አልተገኙም።»

«ታዲያ ደስታው ምንድነው?»

ኮማ ሳህኗን አየች። እናቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«የቀን ወረቀት አለው?» ሲል ራሱን ጠየቀ፤ ራሱ መለሰ። «አለው። ፍሬም ላይ ነው? ነው። ስልክ አለበት? የለበትም።» «ሰባት ቀን አለው» አለና መብላት ጀመረ።

እሑድ ዘነበ። ሰኞ የሬዲዮ እናት ከወንዙ ዳር ስትመለስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። ማክሰኞ ሬዲዮ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ዋለች። መምህሩ ሳይቀሩ «አሞሻል እንዴ?» አሏት። ኮማ ከትምህርት በኋላ አውቶቡስ ተራው ሄዳ ባነሩ ሥር ትቀመጣለች። «ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ዳቦ ቤቱ ጥግ» የሚል ዐረፍተ ነገር አላት። ሌሊት ተኝታ ታስተካክለዋለች፤ ጠዋት ሬዲዮን ስታይ ይበተንባታል። ቀን በጨመረ ቁጥር መናገር ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም አሁን ስለ ሰኞ ብቻ አይደለም፣ ስለ ማክሰኞም፣ ስለ ረቡዕም፣ ስለ ወንዙ ጭቃም መናገር ሊኖርባት ነው።

ረቡዕ ሰባተኛው ቀን ነው። ኮማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መቀሱን ዘይት ይቀባል።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«ነገ ታወርደዋለህ?»

«ስምንተኛው ቀን አይደል እንዴ?»

«ትንሽ ቢቆይስ?»

«የአጎትሽን ድምፅ ትሰሚያለሽ አይደል? ያኔም 'ትንሽ ይቆይ' ነው የተባለው።»

ኮማ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ያ ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ ያስተካከለችው ዐረፍተ ነገር ሳይስተካከል ወጣ።

«እኔ አይቻቸዋለሁ። ጫማቸው አንዱ ሮዝ ነበር። አላወቁኝም። አውቶቡስ ተራ የቱ ነው አሉኝ፣ አሳየኋቸው። ፈተና ረፍዶብኝ ነበር። ሳቅኩባቸው አባዬ። ለሬዲዮ ደግሞ አላየሁም አልኳት።»

አባቷ መቀሱን መሬት ላይ አስቀመጠ። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። ቁጣ ቢመጣ ይቀላት ነበር። እሱ ዘይት የነካ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብሎ።

«ይኼ የሚነገረው ለእኔ አይደለም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ጥሩ።» ተነሥቶ ገባ። መቀሱን ረስቶት ነበር፤ ኮማ ናት ያስገባችው።

ሐሙስ ጠዋት አባቷ መሰላሉን ይዞ ወጣ። አደባባዩ ደረሰ፣ መሰላሉን ፍሬሙ ላይ አስደገፈ፣ ወጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ቀሽ! እርከኑ ለሁለት ተሰበረ። እሱ ዱብ ብሎ በእግሩ ቆመ። ሪፖርቱ ላይ «መሰላል በመሰበሩ ባነሩ አልወረደም፤ ተለዋጭ መሰላል ይጠየቅ» ብሎ ጻፈ። አለቃው ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበ ይባላል።

«አንተ? ሰባት ቀን ነህ እኮ! ዛሬ ስምንተኛ ነው!»

«መሰላል የለም» አለ አባቷ።

«ነገ ካልወረደ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው የምጽፍልህ!»

«ይጻፉ።»

ከሰዓት በኋላ ኮማ ስትመጣ ባነሩን እዚያው አገኘችው። ገርሟት ከሥር እስከ ላይ አየችው። አራቱም ጥጎች በአዲስ ገመድ ታስረዋል፤ ቋጠሮው ድርብ ነው። እንዲህ የሚቋጥረው ማን እንደሆነ ታውቃለች። መሰላሉ መሰበሩን ግን ገና አልሰማችም ነበር፤ ስለዚህ ብዙ አላሰበችበትም።

እዚያ እንደተቀመጠች በአቧራ ቀለሙን የለወጠ ረጅም አውቶቡስ ገብቶ ቆመ። ሾፌሩ ወረደ፣ ወገቡን ያዘ፣ ተንጠራራ፤ ከዚያ ባነሩን አይቶ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እኚህ ሰውዬ ምን አሸንፈው ነው?» አለ ጮክ ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን።

ኮማ ብድግ አለች። «ያውቋቸዋል?»

«እንዴት አላውቃቸውም! ተሳፋሪዬ ናቸው። ያለፈው ጉዞ ሰኞ ልንንቀሳቀስ ስንል ዘለው ገቡ፤ አንድ እግራቸው ላይ ሮዝ ጫማ። 'ወዴት ነው አባቴ?' ስላቸው 'ሱቄ' አሉኝ። 'ልጆችዎ ያውቃሉ?' ስላቸው 'እንዴታ!' አሉኝ። መጨረሻው ከተማ ስንደርስ የሚቀበላቸው ጠፋ። እናቴ ቤት አስገባኋቸው። አሁን የሰፈሩን የግድግዳ ሰዓት ሁሉ ፈታትተው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተውታል፤ ሰፈሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቅ የለም!»

ኮማ ልብሱን ያዘችው። ለምን እንደያዘችው አታውቅም። እንዳይሄድባት ይሆናል።

«ጠፍተው ነው» አለች። «አላሸነፉም። ጠፍተው ነው።»

የሾፌሩ ፊት ተለወጠ። «ታዲያ ምን ነክቷችሁ ነው እንኳን ደስ አለዎት...» አለና ተወው። «አሥር ቀን ሙሉ! እኛ እኮ በየአሥር ቀኑ ነው የምንመጣው። ምነው አንድ ሰው ያንኑ ዕለት ቢጠይቅ! በሁለት ሰዓት ተኩል ከዚህ የሚወጣ መኪና የእኔ ብቻ ነው። ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው ቢኖር በአንድ ስልክ ያልቅ ነበር።»

ኮማ ልብሱን ለቀቀችና ወደ ሬዲዮ ቤት ሮጠች፤ ያን ሰኞ ከሮጠችው ይበልጥ።

የሬዲዮ አጎት በተበደረው መኪና ሄዶ በአምስተኛው ቀን አባባን ይዞ መጣ። ቤቱ በጎረቤት ሞላ። ኮማም መጣች። በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አባባ አልጋው ላይ በሁለት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፎቶው ላይ ከሚታዩት ሰውዬ ግማሹን ብቻ ያህላሉ። የቀኝ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ሮዟ ጫማ ልጣዋለች። ሲያስሉ አልጋው ይንቀጠቀጣል። የሬዲዮ እናት እግራቸው ሥር ተቀምጣ ፋሻውን በእጇ ይዛዋለች፤ ደግመው እንዳይሄዱ ያሰረቻቸው ይመስል።

«አባባ፣ ለመሆኑ እንዴት አድርገው አውቶቡስ ተራ ደረሱ?» አላቸው አንዱ ጎረቤት።

አባባ አሰቡ። ብዙ ነገር ረስተዋል፤ የሾፌሩን እናት ስም፣ የልጃቸውን ስም። ይህችን ግን ይዘዋታል።

«ሰዉ ሁሉ ይጋፋል፤ ማንም አይሰማኝም። አንዲት ልጅ ብቻ መለሰችልኝ። እስክሪብቶ ይዛለች። በእስክሪብቶዋ አሳየችኝ» አሉና ፈገግ አሉ። «ትባረክ። ደግ ልጅ ናት።»

ሰዉ ሳቀ። ሬዲዮ አልሳቀችም።

«ደግ ሆና ነው?» አለች ድምጿ ተመልሶላት። «የማን ልጅ ይሆን እሷ ደግሞ!»

ኮማ ዙሪያዋን አየች። ማንም ወደ እሷ አላየም። አባባ ቀና ብለው ፊቷ ላይ ዓይናቸውን አሳርፈው፣ አልፈዋት፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀምረዋል። አላወቋትም። ከእንግዲህም ላያውቋት ይችላሉ። ዝም ብትል ነገሩ እዚህ ያልቃል። አባቷ አይናገርም፤ የሚናገር ሰው እንዳልሆነ ታውቃለች። ዛሬ ጠዋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ሲከት አይታዋለች፤ ስለ እሱም ምንም አላላትም።

በሰዉ መሃል ተሽሎክልካ ሬዲዮ አጠገብ ደረሰችና ክንዷን ነካቻት።

«ነይ አንዴ ውጭ።»

«ምነው? ሻይ ላቅርብ እኮ ነው።»

«ሻዩ ይቆይ።»

ግቢው ውስጥ ወጡ። ከአውቶቡስ ተራው የወረደው ባነር ታጥፎ የውኃ በርሜሉ ላይ ተቀምጧል፤ ከእጥፋቱ ውስጥ የአባባ ከረባት ብቻ ይታያል። ሬዲዮ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ኮማ አየር ሳበች። በዚህች ቆምታ ማንም ምንም እንዳይናገር ፈራች፤ ሬዲዮም ለአንዴ ዝም አለች።

«ሰኞ ጠዋት» አለች ኮማ፣ «ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ዳቦ ቤቱ ጥግ...»

እዚህ ላይ ነው የማቆመው፤ ከዚህ በኋላ የተባለው የሁለቱ ነው። ግን መጀመሪያ ላይ ምያለሁና አንድ ነገር ሳልናዘዝ ብሄድ ሰባተኛ ክፍል ሦስተኛ ዓመት እቀመጣለሁ ብዬ እፈራለሁ። አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። ሙሽራው ላይ የወደቀው ባነር እውነት ነው። ንግግር ያዘጋጁት መምህርም እውነት ናቸው። የፈጠርኩት መሰላሉን ነው።

መሰላሉ አልተሰበረም። ዛሬም መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ሦስተኛው እርከን ላይ ሦስት ሰው ቢቆም አይነቃነቅም። ያን ሐሙስ ጠዋት የኮማ አባት እስከ ጫፉ ወጥቶ አሮጌውን ገመድ ቆረጠ፣ አዲስ ገመድ አሰረ፣ ደርቦ ቋጠረ፣ ወረደ። ለአለቃው እንዳትነግሩብኝ።